ለብሪታ ያልተነገረው መርዶ

ብሪታ ሞተች። የነገረኝ ቴሌግራም ነው። ጠዋት ደጃፌ ላይ ቆሜ ጥርሴን እየፋቅሁ ስልኬን ብከፍት፣ አብራት ትሠራ የነበረች አንዲት የአገሯ ሴት በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር ጽፋልኛለች። ብሪታ ታማ ነበር፤ ትናንት ዐረፈች፤ ቁጥርህን ከስልኳ ላይ ስላገኘሁት ልንገርህ ብዬ ነው ትላለች። ከሥሩ መዳፎቹን ያጋጠመ ቢጫ ሥዕል አለ። መፋቂያውን እንደ ነከስኩ ቀረሁ። ለሰው ሞት እንዲህ ይነገረዋል? አጠገቤ የሚይዘኝ የለም፤ ሽማግሌ የለም፤ ዶሮዎቹ እግሬ ሥር ይጭራሉ። ንዴቴ ከሐዘኔ ቀደመ።

ሴትዮዋ አንድ የጋዜጣ ጽሑፍም አያይዛ ነበር። ልጄ በስልኳ ወደ አማርኛ መለሰችልኝ። ጽሑፉ ዕድሜዋን፣ ፓርቲዋንና በምክር ቤት የነበራትን ወንበር ከጠቃቀሰ በኋላ፣ ስለ ኢትዮጵያ ተፈናቃዮች የተናገረችውን በአደባባይ የካደች፣ ቆይታ ደግሞ ክህደቷን መልሳ የሻረች፣ በዚህም የሰው አመኔታ ያጣች ፖለቲከኛ ነበረች ይላል። ውሸት ነው ልል አልችልም። ክዳለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ለምን እንደካደች ግን ጋዜጣው አያውቅም። የምናውቀው እኛ የዲላ ሰዎች ነን። ያስካድናትም እኛው ነን፣ ያውም ከመውደዳችን የተነሣ።

የአገሯን ስም አልጽፍም። ትንሽ አገር ስለሆነች ስሟ ከተጠራ ብሪታ ማን እንደሆነች ወዲያው ይታወቃል። ብሪታም እውነተኛ ስሟ አይደለም።

ዲላ የመጣችው እንግሊዝኛ ልታስተምር ነበር። እኔ በዚያው ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ቀጭን፣ ረጅም ልጅ ናት፤ ፀሐይ ከነካት ፊቷ ቲማቲም ይመስላል፤ መነጽሯ ከአፍንጫዋ ላይ ሲንሸራተት ይውላል። ክፍል የተከራየችው ከእኔ አጥር ማዶ፣ እማማ ሣራ ግቢ ውስጥ ነው። እማማ ሣራ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ከእንሰታቸውና ከጓሮ ቡናቸው ሌላ የሚያወሩት የሌላቸው ሴት ነበሩ። ለዓመት ብላ የገባችው ተከራይ ሳትወጣ ዓመታት አለፉ። መጀመሪያ በምልክት፣ ቀጥሎ በተሰባበረ ጌዴኦኛ ሲግባቡ ቆይተው፣ በመጨረሻ ልጅቷ ከጎረቤት ጋር በጌዴኦኛ መጨቃጨቅ ጀመረች። እኔ እንኳ፣ እዚሁ ተወልጄ፣ አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ስለነበር ከገበያ ጌዴኦኛ አላለፍኩም። አማርኛዋ ግን እስከ መጨረሻው አልተቃናም። ወንዱን አንቺ፣ ሴቷን አንተ ትላለች። ሲያርሟት «እሺ፣ አመሰግናለሁ አንቺ» ብላ ትቀጥላለች።

ያስተማረቻቸው ሁሉ የሚያነሷት በአንድ ጥያቄ ነው። ተማሪ እጁን አውጥቶ የሆነ ነገር ሲናገር መነጽሯን ታወልቅና በሹራቧ ጫፍ እየጠረገች «አይተሻል ወይስ ሰምተሻል?» ትለዋለች። ካየ ታምነዋለች። ከሰማ ሄደህ እይ ትለዋለች። አንድ ጊዜ የመስኮት መስታወት ተሰብሮ፣ ዳይሬክተሩ በጠዋት ሰልፍ ላይ ከጨለለቅቱ የመጣ አንድ ምስኪን ተማሪ አቁሞ ሊያባርር ሆነ። ብሪታ ከመምህራን ሰልፍ ወጥታ ፊቱ ቆመች፤ መነጽሯን አወለቀች። «አይተሻል ወይስ ሰምተሻል?» አለችው፣ ዳይሬክተሩን። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ዳይሬክተሩ ሳቅ አልመጣለትም። «ሰምቻለሁ» አለ።

«እንግዲያው ልጁ ክፍሉ ይግባ።»

ልጁ ገባ። ዳይሬክተሩ ግን እስኪዛወር ድረስ የእግዜር ሰላምታ ነፈጋት። እሷ በየጠዋቱ መንገዱ ላይ ቆማ፣ እንደ አገሩ ወግ፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ እንሰቱ አንድ በአንድ ትጠይቀዋለች። እሱ ዝም ይላል። እሷም አትተወውም። ግትር ነበረች፤ ሰው የምታደክም ግትር። ከእሷ ጋር ክርክር የገጠምኩ ቀን ምሳ አይበላልኝም ነበር። ግን ስታዳምጥ እንደሷ የሚያዳምጥ ሰው እስከዛሬ አላየሁም። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማለች፤ ጨርሰህ ዝም ስትልም ትጠብቃለች፤ ያኔ ያልተናገርከው ነገር ራሱ ይወጣል።

አገሯ ከተመለሰች በኋላ እሑድ እሑድ፣ ከቤተክርስቲያን መልስ፣ በእኔ ስልክ ትደውል ነበር። እማማ ሣራ ስልክ አልያዝም ስላሉ በአጥሩ በኩል አቀብላቸዋለሁ። ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አድርገው ይዘው፣ ባሕር ማዶ ድረስ እንዲሰማ ይጮኻሉ። ከተማው በሙሉ ምን እንደበሉ ያውቃል። አንድ እሑድ ምክር ቤት ተመረጥኩ አለችን።

«ምክር ቤት ገብታ ምን ትሠራለች?» ብለው ጠየቁኝ እማማ ሣራ።

«ትናገራለች።»

«እሱንማ እዚህም ትናገር ነበር። ለዚህ ብላ ነው ያን ያህል የሄደችው?»

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ከዞናችን ወሰን ማዶ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው በእግራቸው ወደ እኛ ጎረፉ። ትምህርት ቤቱ፣ የቤተክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ጨለለቅቱ ያለው የቡና ማጠቢያ መጋዘን ሳይቀር ሰው ሞላበት። በወሰኑ በዚህም በዚያም ብዙ ሰው ተጎድቷል፤ የተነሣሁት እሱን ልዘረዝር አይደለም። እማማ ሣራ ከአዳራሹ አንዲት ሴት ይዘው መጡና የብሪታን ክፍል ሰጧት። አየለች ትባላለች። ከእኔ ትንሽ የምታንስ፣ ሥራ የማትፈታ፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት። ባሏ ተፈራ አብሯት አልነበረም።

ብሪታ ያን ጊዜ መጣች፤ የምክር ቤት አባል ሆና፣ ግን ያንኑ ሹራብ ለብሳ። ባለሥልጣን አጅቦ ሆቴል ሊያሳርፋት ሲል እናቴ ቤት ነው የማርፈው ብላ እማማ ሣራ ግቢ ገባች። ክፍሏ ለሌላ ሰው እንደተሰጠ ማንም ሳይነግራት፣ አየለችን አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ከእሷ ጋር መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ሰነበተች። ቀን ቀን በሞተር ወደ ጨለለቅቱና ወደ ይርጋጨፌ እየሄደች ተፈናቃዩን ታነጋግራለች፤ ስትመለስ አየለችን ታዳምጣለች።

አየለች፣ እኔም ባለሁበት፣ የነገረቻት እንዲህ ነው። መጀመሪያ እንደተፈናቀሉ «ሰላም ሆኗል፣ ተመለሱ» ተባሉ። ሰዎቹ አንመለስም አሉ። የእርዳታው እህል ቆመ፤ መኪና መጣ፤ እሷና ተፈራ ከሌሎቹ ጋር ተጭነው ተመለሱ። ሳምንት ሳይሞላቸው የታጠቁ ሰዎች መጡ፤ እነማን እንደሆኑ እሷም አታውቅም። ተፈራን በሩ ላይ ገደሉት። አየለች ከሁለት ሴቶች ጋር ሆና ከተቃጠለው ቤት ጀርባ፣ እንሰቱ ሥር ቀበረችውና ሸሸች።

ብሪታ መነጽሯን አውልቃ ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ያቺን የትምህርት ቤት ጥያቄዋን ጠየቀቻት። አሁን ምን ይባላል ይሄ አልኩ። አየለች ግን አልከፋትም። እጆቿን ዘርግታ አሳየቻት።

«አይቻለሁ። በዚህ ነው የቀበርኩት።»

ብሪታ አገሯ ገብታ ይህን በምክር ቤታቸው ተናገረች፤ በቴሌቪዥንም ደገመችው። ሰዎች ሳይወዱ ተመልሰዋል፣ ከተመለሱት ውስጥ የሞቱ አሉ፣ አንዲት ሴት ባሏን በእጇ ቀብራለች አለች። ቪዲዮው ዲላ ደረሰ። ሻይ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ድምፁን ቀንሶ፣ አንገቱን ደፍቶ ያያል፤ አይቶ ሲጨርስ ስልኩን ኪሱ ይከታል እንጂ አስተያየት አይሰጥም። እማማ ሣራ ብቻ ኮርተው ለሰው ሁሉ ያወሩ ነበር። እኔ አንድም ኮራሁ፣ አንድም ፈራሁ።

በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ ቦሌ ላይ ያዟት። እማማ ሣራ ከዋዜማው ጀምሮ ግቢውን ሲያስጠርጉ፣ ቡላ ሲያስፈልጉ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«ሙሌ፣ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። አላስገባ አሉኝ።»

«ለምን አሉሽ?»

«ምንም አላሉም። አገሩ አይፈልግሽም፣ ተመለሽ። ይኸው ነው። እማማን ስጪኝ።»

በአጥሩ አቀበልኳቸው። በዝምታ ሰሙና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮኹ፣ «የእኔ በር ክፍት ነው ልጄ። የዘጉት የራሳቸውን ነው» አሏት። በመጣችበት አውሮፕላን መለሷት። ሌላ ጊዜ በሞያሌ ልግባ ብላ በናይሮቢ ዞራ እስከ ድንበሩ መጣች፤ ከዚያም መለሷት። ለእማማ ሣራ የያዘችው የሱፍ ካልሲ በሰው እጅ ደረሰ። እማማ ሣራ አንድ ቀንም አላጠለቁትም። ራሷ መጥታ ታጥልቅልኝ ብለው ትራሳቸው ሥር አስቀመጡት።

እንዲህ ሆኖ ሲቆይ፣ በሁለቱም አገር መንግሥት በኩል ሰው የሚያውቅ አንድ ሰውዬ መላ አመጣላት። በተናገርሽበት ቦታ ቆመሽ ተሳስቼ ነበር ካልሽ በሩ ይከፈትልሻል አላት። እሑድ ደውላ ይህን ለእማማ ሣራ ነገረቻቸው። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ላይ ነበር፤ አየለች አጠገባቸው ጎመን ትቀነጥሳለች። የተባባሉት በጌዴኦኛ ነው፤ ያን ያህል እኔም እሰማለሁ።

«ላይሽ እፈልጋለሁ እማማ። እያረጀሽ ነው» አለች ብሪታ።

«ማርጀትስ አርጅቻለሁ። ግን ልጄ፣ አየለችን ውሸታም አድርገሽ ብትመጪ የት ታድሪያለሽ? አልጋሽ ላይ የምትተኛው እሷ ናት።»

አየለች ከጎመኑ ቀና አላለችም። ብሪታ «እውነትሽን ነው» አለች። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። መላ ያመጣላትንም ሰውዬ አመስግና መለሰችው።

እማማ ሣራ በኅዳር ሞቱ። ቡና ሲለቅሙ ውለው፣ ደከመኝ ብለው ጋደም እንዳሉ አልተነሡም። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ለብሪታ ማን ይነግራል የሚል ነገር ተነሣ። እኔ፣ ምንም ሳላስብ፣ እሑድ ስትደውል እነግራታለሁ አልኩ። ድንኳኑ በሙሉ አፈጠጠብኝ። ሴቶቹ ፊታቸውን ሸፈኑ። የቤተክርስቲያናችን ቄስ ጂግሶ፣ እማማ ሣራን የቀበሩት፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው እንኳ ተቆጡ።

«መምህር፣ ልጃቸው እኮ ናት! ለልጅ የእናቷ መርዶ በስልክ ይነገራል? የት ነው እንዲህ ያለ ነገር ያየኸው?»

«አገር ውስጥ አትገባም፤ እንዴት ይነገራት ታዲያ?»

«ብቻዋን ነው የምትኖረው። ስልኩን ዘግታ ስትወድቅ ማን ይይዛታል? ማን ውሃ ይሰጣታል? ትመጣለች። ጌታ በር ይከፍታል። ስትመጣ እኛው በማለዳ ተሰብስበን፣ ይዘናት፣ አብረናት አልቅሰን እንነግራታለን።»

እንደ መንገድ ላይ ወሬ ሞትን በስልክ ማርዳት ነውር መሆኑን ማን አጣው? ተስማማሁ። የባዕድ አገር ክፍሏ ውስጥ ወለሉ ላይ ወድቃ ታየችኝ። እዚያ የምናውቀው የአገር ሰው ፈልገን ነበር፤ ሰው ሰብስቦ ሄዶ እንዲያረዳት። አጣን።

እሑድ እሑድ ስትደውል ተኝተዋል፣ ጸሎት ሄደዋል፣ ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው ተዘግቷል እላለሁ። እየቆየ መዋሸቱ ከበደኝና ቄስ ጂግሶን አማከርኳቸው። እሳቸው ያሉኝ እኛ ሁልጊዜ የምናደርገውን ነው። ልቧ ይዘጋጅ፤ በመጀመሪያ ትንሽ አሟታል በላት፤ ቀጥለህ ጠንቶባታል በላት አሉኝ። እዚህ አገር ከሩቅ ያለ ሰው «እናትህ ጠንቶባታል» ከተባለ ያውቀዋል። ነጠላውን አዘቅዝቆ ይሳፈራል፤ መንገዱን ሁሉ እያለቀሰ ይመጣል። ማንም ሞተች አላለውም፣ ግን ተነግሮታል።

ትንሽ አሟታል አልኳት። ከሁለት እሑድ በኋላ ጠንቶባታል አልኳት፤ ድምፄም እንደሚሆነው ሆነ።

ብሪታ አላለቀሰችም። «ሐኪሙ ምን አለ?» አለችኝ።

«ሐኪም ምን ይላል ብሪታ። በጌታ እጅ ናቸው።»

«የሐኪሙን ስም ንገሪኝ። ልደውልለት። መድኃኒት ካስፈለገ ልልክ።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ ይሆን? እንጃ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ግን ቃሉ በስልክ አይወጣም፤ አልወጣም። ሐኪሙ ወደ ሐዋሳ ሄዷል አልኳት። እንግዲህ ልምጣ አለች። እንዴት እንደምትመጣ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኋት።

የካቲት ውስጥ ነው ሁለተኛው ቪዲዮ የመጣው። ልጄ ናት ይዛው የሮጠች፤ አየለች ግቢ ቆመን ነበር። ብሪታ መነጽሯን አድርጋ፣ ቀና ብላ፣ ከፊቷ ካለው ወረቀት ላይ ታነባለች። ልጄ እየተረጎመች ነገረችን። የተናገርኩት ያልተጣራ ነበር። አንዲት ሴት የነገረችኝ ነገር በእርግጥ ሆኗል ብዬ ማለት አልችልም። ያስቀየምኳቸውን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

«እኔን ነው?» አለች አየለች።

«አዎ» አለች ልጄ።

አየለች ሌላ አልጠየቀችም። መጥረቢያዋን አንሥታ እንሰቱ ውስጥ ገባች። ስትቆርጥ ይሰማን ነበር። እኔ ቄስ ጂግሶ ጋ ሄጄ ለመጀመሪያ ጊዜ በቄስ ላይ ጮኽኩ። ለሞተ ሰው ብላ ነው የካደችው፣ ለሞተ ሰው! አልኳቸው። ሽማግሌው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ተቀመጡ። «ታውቃለች ብዬ ነበር» አሉ፣ «የእኛን ነገር ታውቃለች ብዬ ነበር።»

በሩ ቃል እንደተገባላት ተከፈተ። መጋቢት ላይ ገባች። አመሻሽ ላይ ዲላ ስትደርስ ቄስ ጂግሶና እኔ ተቀብለን፣ እማማ ተኝተዋል፣ ደክሞሻል፣ ጠዋት ታያቸዋለሽ ብለን ሆቴል አሳረፍናት። እንዴት እንደታዘዘችን ይገርመኛል። ወዲያው ልያት ብላ አልተከራከረችም፤ ያቺ ግትር ሴት። ሳትፈራ አልቀረችም።

ማለዳ፣ ጉሙ ሳይገፈፍ፣ ሄድን። ጎረቤቱ፣ የእድሩ ሰዎች፣ ያስተማረቻቸው ልጆች፣ የጨለለቅቱ ተፈናቃዮች። አየለችን፣ ቄስ ጂግሶ «ቤት ቆዪ» ብለዋት ነበር፤ «ለእኔም እናቴ ናቸው» ብላ ፊት ፊት ሄደች። በሩን አንኳኳን። ብሪታ ለብሳ፣ ጫማዋን አሥራ ነበር። ከፈተች። እኛን አየች፣ ከኋላችን ያለውን ሰው አየች፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች። እዚህ ስትኖር ከእማማ ሣራ ጋር ስንቱን ደጅ እንዲህ በማለዳ አንኳኩታለች።

ቄስ ጂግሶ ክንዷን ያዙ። «ልጄ፣ ጌታ ያጽናሽ…»

«መቼ?» አለች።

«ጌታ ሰጠ፣ ጌታም…»

«መቼ?»

የመለሰችላት አየለች ናት።

«ኅዳር። ቡና ስንለቅም።»

ብሪታ ጣራውን ቀና ብላ አየች። ከንፈሯ ወራቱን ሲቆጥር አየሁት። «እኔ የተናገርኩት የካቲት ነው» አለች። ከዚያ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ ዙሪያዋን ከበው ማልቀስ ጀመሩ፤ ከኋላ ያሉት መዝሙር አነሡ፤ ሰው ሁሉ እንዳሰበው ይዟት፣ አቅፏት ነበር። እሷ ግን አላለቀሰችም። በመሐል ፈልጋ አገኘችኝ።

«ሙሌ፣ ጠንቶባታል አልሽኝ።»

«እንደዚያ ነው የሚባለው ብሪታ። ይገባሻል ብዬ ነው።»

«እዚህ ሆኜ ቢሆን ይገባኝ ነበር» አለች።

ድንኳን እንደገና ተተከለላት። እንደ ልጅ ተቀመጠች፤ ለቅሶ ደራሹን ሁሉ እጅ ነሣች። መቃብሩ ላይ ያን ካልሲ ይዛ ሄዳ፣ የት እንደምታደርገው ሳታውቅ ይዛው ተመለሰች። የምታድረው ሆቴል ነበር፤ ወደ ክፍሏ አልገባችም። አየለች በየቀኑ ምግብ አቅርባላታለች፣ እጇን አስታጥባታለች፣ ግን ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጡም።

የምትሄድ ዕለት ጠዋት ከአየለች በር ላይ ቆመች። እኔ ሻንጣዋን ይዤ ነበር። በጌዴኦኛ ይቅርታ ጠየቀቻት። ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ልትይዝ ስትል አየለች እጇን ይዛ አስነሣቻት።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለቻት። «እናትሽን ልታዪ ነው። እኔም ብሆን አደርገው ነበር። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። አልሆነም ብለሻል አይደል?»

ብሪታ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ካልሆነ ባሌ የታለ?» አለች አየለች። ድምፅዋ አልተቆጣም፤ የእውነት የምትጠይቅ ነበር የሚመስለው። «ተናግረሽ አልሆነም ካልሽ ባሌ አለ ማለት ነው። ካለ አምጪልኝ። እዚህ ነኝ፤ እጠብቀዋለሁ።»

ብሪታ መነጽሯን አወለቀች። በሹራቧ ጫፍ ልትጠርገው ጀምራ ተወችው። ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ ስትመጣ ያላለቀሰችውን ሁሉ፣ በቆመችበት፣ ድምፅ አውጥታ። አየለች ቆማ ጠበቀቻት። መኪናው ውስጥ ስትገባ «አሁን ከሄድኩ አልመለስም፣ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ምን ልታደርግ እንዳሰበች ገብቶኝ ነበር፤ ተይ አላልኳትም።

አገሯ በገባች በሳምንቱ እዚያው የካደችበት ቦታ ቆመች። በዚህኛው ጊዜ ወረቀት አልያዘችም። ተፈራ ይባላል አለች። የአየለች ባል ነው። ተጭኖ ተመልሷል፤ በሩ ላይ ተገድሏል፤ ሚስቱ በእጇ ቀብራዋለች። ሞቷል። የዋሸሁት ባለፈው ጊዜ ነው እንጂ መጀመሪያ አይደለም። ማንም አላመናትም። ሁለት ምላስ ያላት ተባለች፤ ፓርቲዋ ተዋት፤ በምርጫው ወንበሯን አጣች። ቦሌም ሞያሌም በሩ ዳግም ተዘጋ፤ ያኔ የተዘጋው ለዘላለሙ ነው።

ቪዲዮውን ለአየለች ያሳየኋት እኔ ነኝ። የባሏ ስም ከዚያ ሁሉ የባዕድ ቋንቋ መሐል ተለይቶ ሲወጣ ቀና አለች። ድገምልኝ አለችኝ። ደገምኩላት። እንደገና አለችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አወረደችና አዘቀዘቀች። ስትሸሽ፣ ስትጠለል፣ የሰው ቤት ስትቀመጥ፣ ለተፈራ አንድ ቀን ለቅሶ ተቀምጣ አታውቅም ነበር።

«በሉ እንግዲህ» አለች፣ «ባሌ ሞቷል። ድንኳን ትከሉልኝ።»

ተከልንላት። እድሩ ወንበር አመጣ፤ ቄስ ጂግሶ ጸለዩ፤ ከጨለለቅቱና ከይርጋጨፌ ተፈናቃዮቹ በአይሱዙ ተጭነው መጡ፤ ከጪጩ ሳይቀር የማናውቃቸው ሰዎች መጡ። ሰው ከድንኳኑ ተርፎ መንገዱ ላይ ተቀመጠ። ብሪታ ብቻ አልመጣችም። አላስገቧትም።